ለተረት አገር የዕጣ ጨዋታ

አንድ የተረት አገር አሰብን። በአገሩ ሁለት መንደሮች አሉ። ምንጩ ግን አንድ ነው። በበጋ ውሃው ያንሳል። ታዲያ ማን አስቀድሞ ማሳውን ያጠጣ? ጉልበተኛው ብቻ እንዳይቀድም የዕጣ ጨዋታ ፈጠርንላቸው።

ዕጣው አራት ዝርግ እንጨት ነው። የእያንዳንዱ አንድ ፊት በከሰል ይጠቁራል፤ ሌላው ነጭ ይሆናል። የጥንት ግብፆችም እንጨት እየጣሉ ሴኔት የሚባል ጨዋታ ይጫወቱ ነበር።

አራቱን አንድ ላይ ስንጥል 16 ዓይነት አወዳደቅ አለ። ጽፈን ቆጠርነው። አራቱም ጥቁር የሚሆኑበት 1 ብቻ ነው። ሁለቱ ጥቁር፣ ሁለቱ ነጭ የሚሆኑበት ግን 6 ነው። እንግዲህ አንዱን መንደር «በአራት ጥቁር ትቀድማለህ»፣ ሌላውን «በሁለት ጥቁር ትቀድማለህ» ብንለው ግፍ ነው። ዕጣ ይመስላል እንጂ ፍርዱ አስቀድሞ አልቋል።

ስለዚህ ሕጉ ለሁለቱም አንድ ሆነ። ሁለቱም አራቱን ይጥላሉ። ጥቁር የበዛለት ይቀድማል። እኩል ከመጣ ይደገማል። ዛሬ የቀረው ነገ ይቀድማል።

ከመካከላችን አንዱ «በሬ ይያዝበት» አለ። እምቢ አልን። በሬው የተወሰደበት ሰው በምን ሊያርስ ነው? ልጆቹስ ምን ይብሉ?

እናንተም ዕጣ ሲወጣ አወዳደቁን ቁጠሩ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ካልሆነ አትጣሉ።