የማዕድ መንገድ፤ ከፓርማ እስከ ማቴራ

የአንድን ሕዝብ ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው ታሪኩን ማንበብና ሐውልቱን መመልከት ብቻ አይበቃውም፤ ከማዕዱም መቅረብ ያስፈልገዋል። ሐውልት ሕዝቡ በሌሎች ዘንድ ሊታሰብበት የሚወደውን ያሳያል፤ ማዕድ ግን ምን አግኝቶ ምን አጥቶ እንደ ኖረ ሳይሸሽግ ይናገራል። እኛና ኢጣልያኖች በዐድዋና በማይጨው ተያይተናል፤ ፓስታ፥ ሳልሳ፥ ፉርኖና አቼቶ የሚባሉትንም ቃሎች ከእነርሱ ቋንቋ ወስደን የራሳችን አድርገናል። ይሁን እንጂ በጦር ሜዳና በወጥ ቤት ቃል ብቻ የሚያውቁትን ሕዝብ በቤቱ ማየት ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ብዙ ዘመን ከኖረ አንድ ባልንጀራዬ ጋር በአውቶሞቢል ከሰሜን ወደ ደቡብ ስንጓዝ የቀመስሁትንና ያስተዋልሁትን ለአንባቢ ላካፍል ወደድሁ።

መንገዳችንን የጀመርነው ከፓርማ ነው። በዚያ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ቪያ ኤሚልያ ይባላል፤ ይህንንም ማርቆስ ኤሚልዮስ ሌፒዶስ የተባለ የሮማ ቆንሲል ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ187 ዓመት ከሪሚኒ እስከ ፒያቼንሳ አሠራው፤ አገሩም ስሙን የወረሰው ከመንገዱ ነው። ባልንጀራዬ መሪውን እንደ ያዘ፥ «የኢጣልያ ምግብ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የፓርማ፥ የሞዴና፥ የቦሎኛ ምግብ ነው» አለኝ። ኢጣልያ አንድ መንግሥት የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1861 መሆኑን ላሰበ ሰው ይህ አነጋገር አያስደንቅም።

ከፓርማ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው የአይብ መሥሪያ የደረስነው ገና ሳይነጋ ነው። ማታ የታለበው ወተት ሌሊቱን ሰፍፎ ቅባቱ ከተገፈፈ በኋላ ጧት ከታለበው ጋር ተደባልቆ በታላላቅ የመዳብ ጋኖች ውስጥ ይሞቃል፤ ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያም ይረጋል። የረጋው ተሰባብሮና እንደ ገና ሞቆ ከታች ሲዘቅጥ ሁለት ሰዎች በጨርቅ ጠቅልለው ያወጡትና ለሁለት ይከፍሉታል። እንደ መንኰራኩር ክብ የሆነው አንዱ አይብ 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ለእርሱም እስከ 550 ሊትር የሚደርስ ወተት ይፈሳል። ከዚህ በኋላ በጨው ውሃ ውስጥ ይሰነብትና በእንጨት መደርደሪያ ላይ ቢያንስ 12 ወር እስኪሞላው ይቀመጣል። ያን ጊዜ ፈታኙ ይመጣል። ፈታኙ አይቀምስም፤ በትንሽ መዶሻ እየመታ ያዳምጣል። በውስጡ ክፍተት ወይም ስንጥቅ ያለበትን አይብ ድምፁ ያጋልጠዋል። በቅርፊቱ ዙሪያ ስሙ፥ የመሥሪያው ቍጥር፥ የተሠራበትም ወርና ዓመት ታትሟል፤ ፈተናውን የወደቀ እንደ ሆነ ግን ስሙ ከቅርፊቱ ላይ ይፋቃል። ስም የሥራ ደመወዝ መሆኑን እንዲህ አድርጎ የሚያስተምር ቤት የትም አላየሁም።

በፓርማ ሁለተኛው የሚመሰገን ምግብ በጨውና በነፋስ የሚደርቀው የዐሣማ ጭን ነው። እኔ በአገሬ ልማድ የዐሣማ ሥጋ ስለማልበላ ባልንጀራዬ ሲያጣጥም አይቤን እየቈረስሁ ጠበቅሁት፤ ባለቤቲቱም ምክንያቱን በሰማች ጊዜ ሳትቀየም አንድ ሳሕን አትክልት ጨመረችልኝ።

በሞዴና ደግሞ እኛ አቼቶ ብለን በሰላጣ ላይ የምናፈሰው ነገር ትልቁን ማዕርግ ይዞ አገኘነው። የተፈላው የወይን ጭማቂ ከትልቁ በርሜል ወደ ትንሹ በየዓመቱ እየተቀዳ ቢያንስ 12 ዓመት ይቈያል፤ እጅግ ያረጀ ለመባል ግን 25 ዓመት ይጠበቅበታል። እንግዲህ ዛሬ የሚጀምረው ሰው ለልጁ ያስቀምጣል ማለት ነው። በቦሎኛ የከተማዪቱ ወጥ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1982 በንግድ ምክር ቤት ተመዝግቦ ተቀምጧል፤ ከወጡ ጋር የሚቀርበው ታልያቴሌ የተባለው ፓስታም ሲበስል ስፋቱ 8 ሚሊሜትር እንዲሆን በ1972 ተወስኗል። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ኋላ ግን የእናቶቹን እጅ ሥራ እንደ ርስት ውል በመዝገብ ያስገባን ከተማ መሳቂያ ማድረግ እንደማይገባ ተረዳሁ።

ነገር ግን ጥጋቡ የሁሉ አልነበረም። በዚያው በለመለመው የፖ ወንዝ ሜዳ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ከበቆሎ ገንፎ በቀር ሌላ ምግብ ያጡ ገበሬዎች ፔላግራ በሚባል በሽታ ቆዳቸው እየቈሰለ፥ አእምሯቸውም እየታወከ ያልቁ ነበር። የአፔኒኖን ተራራ ተሻግረን ቶስካና ስንገባም ዛሬ በታላላቅ ምግብ ቤቶች የሚከበረው ሪቦሊታ የደረቀ ዳቦ፥ ባቄላና ጎመን ተደባልቆ በማግስቱ የሚሞቅ የድሆች ሾርባ ሆኖ አገኘነው፤ የስሙም ትርጓሜ «ዳግመኛ የፈላ» ማለት ነው።

ናፖሊን በአንድ ሌሊት አልፈን ማቴራ ገባን። በዚህች ከተማ ሰዎች ከነከብቶቻቸው ከዐለት በተፈለፈሉ ቤቶች ይኖሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣው ሕግ 15,000 ያህሉ ከዚያ ወጥተው ወደ አዲስ ሰፈር ተዛወሩ። ሴቶቹ ሊጡን ቤታቸው አቡክተው ለመጋገር የሚወስዱት ወደ ሰፈሩ የጋራ ምድጃ ስለ ነበር፥ ዳቦው ከሌላው እንዳይሳሳት እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ከእንጨት የተቀረጸ ማኅተም ነበረው። አንዲት አሮጊት የአባታቸውን ማኅተም አሳዩን፤ የአውራ ዶሮ ምስልና ሁለት ፊደል ተቀርጾበታል። የደረቀውን ዳቦ በውሃ አርሰው በቲማቲም፥ በሽንኵርትና በወይራ ዘይት አቀረቡልን፤ የእኛ የድርቆሽ ፍርፍር ወንድም ነው። ከዚያም፥ «የእናንተ ሴቶች በማን ምድጃ ይጋግራሉ?» ብለው ጠየቁን። በየቤቱ ምጣድ መኖሩን ባልንጀራዬ ቢነግራቸው፥ «እንግዲያማ ባለጠጎች ናችሁ» አሉ።

ይህ ቃል ከምግቡ ይልቅ በልቤ ቀረ። የእናቴ አባት በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው አልተመለሱም፤ መቃብራቸውም አይታወቅም። በዚያ ዘመን የእኛ መሬት ለኢጣልያ ድሆች ገበሬዎች እንጀራ ይሆናል ተብሎ ይሰበክ ነበር። ካርሎ ሌቪ የተባለ የቶሪኖ ሐኪምና ሠዓሊ ፋሺስትን በመቃወሙ እ.ኤ.አ. በ1935 ወደዚሁ ወደ ሉካንያ ተግዞ ነበር፤ በ1945 ባሳተመው «ክርስቶስ ከኤቦሊ አላለፈም» በተባለው መጽሐፉ ገበሬዎቹ በጦርነቱ እንዳልተደሰቱ፥ ከሮማ የሚመጣ ነገር ሁሉ ለእነርሱ መከራ እንደ ነበረ ጽፏል። ሌቪ ከግዞቱ የተፈታው አዲስ አበባ በተያዘች ጊዜ በታወጀው ምሕረት ነው። የአንድ ቅን ሰው ነጻነት በእኛ ነጻነት ማጣት ተገዛ ማለት ነው።

የተራበ ሰው በሌላው ማሳ ላይ ሲዘምት በደሉ አይቀልለትም፤ አያቴንም የሚመልስልኝ የለም። ነገር ግን በስሙ የተዘመተለት ገበሬ የዳቦ መጋገሪያ እንኳ እንዳልነበረው በዐይኔ ካየሁ በኋላ፥ ልጆቼን ስለዚያ ጦርነት በማስተምርበት ጊዜ ይህንንም ሳልጨምር ማለፍ አልችልም።

ለመምህራንና ለተማሪዎች የማሳስበው አንድ ነገር አለ። ከጐንደር እስከ ሐረር፥ ከጕራጌ እስከ ትግራይ የእናቶቻችን የእጅ ሥራ ብዙ ነው፤ የሚበዛውም የሚኖረው በእነርሱ ልብ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከእናቱ ወይም ከአያቱ አንድ ምግብ ጠይቆ ቢጽፍ መልካም መዝገብ ይሆናል። ሲጽፍም የቅመሙን ልክ ብቻ አይጠይቅ፤ ምግቡ በምን ዓይነት ዘመን፥ በምን ችግር ጊዜ እንደ ተፈጠረ፥ በዚያ ጊዜም ማን ጠግቦ ማን ጦሙን እንዳደረ ጨምሮ ይጠይቅ።