የኪስ ሰላዮች

በቀደመው ዘመን የታተሙ የስለላ ልብ ወለዶችን የሚሰበስብ ሰው መተማ ዮሐንስ ላይ አስቀድሞ የሚገጥመው ጠላት ሙቀት ነው። የኪስ መጽሐፍ በክር የተሰፋ አይደለም፤ ቅጠሎቹ በጀርባው በኩል በሙጫ የተያያዙ ናቸው። የቆላው ፀሐይ ሙጫውን ያደርቀዋል፤ መጽሐፉ በተከፈተ ቁጥር አንድ ሁለት ቅጠል ይረግፋል። ከሙቀት የተረፈውን ደግሞ ምስጥ ይጠባበቀዋል። ስለዚህ መደርደሪያዬን ከግድግዳ አርቄ፣ እግሮቹን የተቃጠለ ዘይት በያዙ ጣሳዎች ውስጥ አቁሜዋለሁ።

እነዚህ መጻሕፍት እዚህ ድረስ የዘለቁት ርካሽ ስለ ነበሩ ነው። የእንግሊዙ አሳታሚ ፔንጉዊን እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ ሲጀምር አንዱን መጽሐፍ በስድስት ፔኒ፣ በአንድ ፓኮ ሲጋራ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ፓን የተባለው ሌላው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው የኢያን ፍሌሚንግ «ተንደርቦል» ሽፋን ላይ ንድፍ አውጪው ሬይመንድ ሆኪ ሁለት የጥይት ቀዳዳዎች አስበስቶበታል። የእኔ ቅጂ ሦስተኛ ቀዳዳ አለው፤ እርሱን የሠራው የመተማ ምስጥ ነው።

የባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች ያልተነበበ የሚመስለውን ቅጂ ያስበልጣሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የኪስ መጽሐፍ በባቡርና በአውቶቡስ እንዲነበብ፣ ከዚያም ለሌላው እንዲተላለፍ የተሠራ ዕቃ ነው። ያልተነካ ቅጂ ሥራውን ሳይሠራ የቀረ ቅጂ ነው።

ይህን ያስተማረኝ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። የጦርነትና የፍቅር ታሪክ ቢሆንም በአሥመራ ከተማ የሰላዮች ሤራ የሚጎነጎንበት ነውና ከስለላ መጻሕፍቴ መካከል ያለ ማመንታት አኖርሁት። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በ1975 ዓ.ም. ካወጣው በኋላ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን አላቋረጠም። ጎንደር ላይ የገዛሁት የመጀመሪያው እትም ሽፋኑ ተገንጥሎ በምትኩ የሒሳብ መማሪያ ልባስ ተሰፍቶበታል። በልብ ወለድ ስሙን የሚለውጠው ሰላዩ ነው፤ እዚህ ግን ስሙን የለወጠው መጽሐፉ ራሱ ሆነ። ማን እንደ ሰፋው አላውቅም። ስፌቱ እኩል ነው፤ የቸኮለ እጅ አልሰፋውም። አንድ ወዳጄ ልባሱን አውልቄ የዋናውን ሽፋን ፎቶ ቅጂ እንዳለብሰው መከረኝ፤ አልሰማሁትም። እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣውንም አጠገቡ አስቀምጫለሁ። እርሱ ንጹሕ ነው፤ ማንም ፈርቶ አልያዘውም።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት ይህች የጠረፍ ከተማ ከብዕር ሰዎች ጋር ሌላም ትውውቅ አላት። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ጋላባትን ከጣሊያን ጦር ነጥቆ፣ መተማን ግን መያዝ ተስኖት የተመለሰው ብርጋዴር ዊልያም ስሊም፣ አንቶኒ ሚልስ በሚል የብዕር ስም ለመጽሔቶች ታሪክ እየጻፈ ደመወዙን የሚደጉም ሰው ነበር። ደብልዩ ኢ ዲ አለን ስለ ኢትዮጵያ የሽምቅ ውጊያ የጻፈው መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1943 በፔንጉዊን የኪስ እትም ወጥቷል። ልብ ወለድ ባይሆንም ከሰላዮቹ ልለየው አልቻልሁም።

ከጠረፉ ማዶ የሚመጣው ደግሞ ዐረብኛው ነው። ግብጻዊው ነቢል ፋሩቅ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ «ረጁል አልሙስተሒል» በሚል ርእስ በተከታታይ ቁጥር ያወጣቸው የኪስ ልብ ወለዶች ጀግና፣ አድሃም ሰብሪ፣ የግብጽ የስለላ መኮንን ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሺህ ሕዝብ በመተማ በኩል ተሻገረ። ከመካከላቸው አንድ የካርቱም ተማሪ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን፣ ጀርባው የተላጠውን፣ ከልብሱ ጋር ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ጥሩ ዋጋ ሰጠሁት። ራሱን ነቀነቀና የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ አሳየኝ። ታሪኩ እመሐል ላይ ተቋርጦ ወደ ቀጣዩ ቁጥር ይመራል። እርሱ እኔ ዘንድ ይገኝ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። አልነበረኝም፤ ቁጥሩን በማስታወሻዬ ጻፍሁት።