ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ፣ ቀስ እያሉ

ሽሮ ሜዳ ከታክሲ ስትወርዱ በግራም በቀኝም የተሰቀለው ጥበብ፣ ነጠላና ጋቢ ይቀበላችኋል። ቀና ስትሉ ደግሞ ባሕር ዛፍ የለበሰው እንጦጦ ከፊታችሁ ተገትሯል። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው የከተማው ሯጭ ሁሉ ትንፋሹን የሚፈትነው እዚህ ነው። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሯጮች አይደለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦን የማየው ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር ነው። ስማቸው ይቅርና እትዬ እንበላቸው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው፣ ቀዶ ሕክምናው አልቆ፣ ኬሞቴራፒ ላይ ሳሉ ነው የጀመርነው። ሰፈርተኛው በሙሉ «ይተኙ! እንዳይነሡ!» ይላቸዋል። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ከበሽታው ይልቅ አልጋው ገደለኝ» አሉኝ። ሐኪማቸውን ቢጠይቁ «ልክዎን ይወቁ እንጂ መራመዱ ደግ ነው» አላቸው። የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ በሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች እንዲንቀሳቀሱ መክሯል። ለካስ ያንን ክፉ ድካም የሚያቀለው እንቅስቃሴ ኖሯል!

ታዲያ ዳገቱን በእግር አንወጣውም። ኬሞቴራፒ ደም ያሳንሳል፤ አንዳንዱ መድኃኒት ልብንም ይነካል፤ የእንጦጦ አየር ደግሞ ስስ ነው። ስለዚህ እስከ ማርያም በታክሲ ወጥተን አናቱ ላይ ደልዳላውን መንገድ እንይዛለን። በ10 ደቂቃ ጀመርን፤ ዛሬ 30 ደርሰናል። በሳምንቱ መሐል ሁለት ቀን እዚያው ሰፈራችን ይደግሙታል። መለኪያችን ወሬ ነው፤ እትዬ እየተራመዱ ማውራት ሲያቅታቸው ቁጭ እንላለን። መድኃኒት የወሰዱ ሰሞን አንወጣም። ትኩሳት 38 ከደረሰ ደግሞ መንገዱ ወደ ሐኪም ቤት ብቻ ነው፤ ነገ አይባልም።

ቁልቁል እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሲያልፉን እትዬ ክንዳቸውን ያሻሻሉ። «በዚህ እጅ ኩባያም አታንሺ ተብያለሁ» ይላሉ። ጡት ሲቆረጥ ከብብት ሥር ያለው ንፍፊት ስለሚወጣ ክንድ ያብጣል የሚል ፍርሃት ነው። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ክንዳቸው ባበጠ 141 ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። በባለሙያ እየታዩ፣ ከቀላል ጀምረው ቀስ በቀስ ክብደት ያነሡት ሴቶች እብጠታቸው አልባሰም። እንግዲህ ሸክም ይቅር እንጂ ክንድ አይታሰር!

ወደ ምግቡ እንምጣ። «ደም ይተካል» እየተባለ ለእትዬ ያልመጣ ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ የለም። እናንተዬ፣ ይህ አደጋ ነው! በኬሞቴራፒ ጊዜ ነጭ የደም ሴል ስለሚያንስ በጥሬ ሥጋና ባልፈላ ወተት የሚገባ ጀርም ይጥላል። ሥጋው ይብሰል፤ ወተቱ ይፍላ። እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ የበሰለ ጎመን ገንቢ ናቸው። ሲያቅለሸልሽ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ መቅመስ ይሻላል። ፆም ከሆነ የንስሐ አባትን ማማከር ነው፤ ለታመመ ይፈቀዳል። የባህል መድኃኒት ሐኪም ሳያውቀው አይወሰድ። እንጦጦ ጸበል የምትሄዱም የመድኃኒታችሁን ቀን አታሳልፉ። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ደግሞ ብዙ ሴቶች ይወፍራሉ። ቅቤውን ቀነስ፣ ጠጁንና አረቄውን ተወት ማድረግ ያኔ ነው።

እንጦጦ ለራቃችሁ የኮንዶሚኒየማችሁ ግቢ ይበቃል። ዋናው ሐኪምን ጠይቆ መጀመርና የሚያወራ ጓደኛ መያዝ ነው። እናንተ ቤተሰቦችም «ተኚ» ማለቱን ተዉና ጫማዋን አቀብሏት።