ከእብጠቱ ሥር የቀረው ክር

ንባብ፦ ዕብራውያን 12፥13-15

ለፋሲካ ሁለት ዶሮ ገዛን። አንዷ ለበዓሉ ታረደች፤ ሌላዋ ቄብ ስለነበረች ለእንቁላል ትሁነን ብለን አስቀረናት። ከገበያ ሲመጡ እንደተለመደው እግራቸው በገመድ ተጠፍሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥለው ነበር። ቤት እንደደረስኩ ገመዱን በቢላ ቆረጥኩና ተፈታች ብዬ ለቀቅኳት።

በሳምንቱ ቄቧ በአንድ እግሯ ብቻ መቆም ጀመረች። ሌላው እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በታች አብጧል፤ ሁለት ጣቶቿም ጠቁረዋል። ልጄ "እማዬ፣ እንዳታሳርጃት!" ብላ አለቀሰች። ለብ ባለ የጨው ውኃ አጠብኳት፣ ቅባት ቀባኋት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩላት። ሦስት ቀን እንዲህ አደረግኩ። እብጠቱ ግን ባሰበት።

በመጨረሻ ጎረቤታችን የሆነ የእንስሳት ሐኪም አየልኝ። እግሯን ወደ ብርሃን አዙሮ ሲመለከት ቆየና "ገመዱ እኮ ሙሉ በሙሉ አልወጣም" አለኝ። ከገመዱ የቀረች አንዲት ቀጭን ክር፣ እግሯ ሲያብጥ ሥጋዋ ውስጥ ሰጥማ ኖሯል። ከላይ አትታይም። ደም ወደ ጣቶቿ እንዳይደርስ አንቃ የያዘችው ግን እሷ ነበረች። "ይህቺ ሳትወጣ ቅባቱ ምንም አይፈይድም" አለ።

እኔ ክንፎቿን በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኳት፤ እሱ በወረንጦና በትንሽ መቀስ ክሯን እየቆራረጠ አወጣት። ቄቧ ጮኸች፣ ታገለችኝ፣ ደማች። ልታድኗት እንደሆነ ምን ታውቃለች?

በዚያ ምሽት ለጸሎት ስንበረከክ የታላቅ ወንድሜ ፊት ድቅን አለብኝ። አባታችን ካረፈ በኋላ በቤቱ ጉዳይ ከተኳረፍን አራት ዓመት ሆኖን ነበር። "ይቅር ብዬዋለሁ" ብዬ በጸሎት ኅብረታችን ፊት ተናግሬያለሁ። ስሙ ሲነሳ ግን ወሬ እቀይራለሁ፤ በበዓል እንኳ አልደውልለትም። ስንት ስብከት ሰማሁ፣ ስንቴ በዝማሬ አለቀስኩ! ክሩ ግን ውስጥ ነበር።

የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ ስለሚያነክስ እግር ተናግሮ ሳይጨርስ፣ ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ስለመኖርና ስለ መራራ ሥር የሚያነሳው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሥሩ ከአፈር በታች ነው፤ አይታይም። ማነከሳችን ግን ይታያል።

በማግስቱ ደወልኩ። "ጋሼ፣ እኔ ነኝ። በዘመድ ፊት ሌባ ያልኩህን ይቅር በለኝ" አልኩት። ይቅር ማለት ብቻ ሳይሆን ይቅርታ መጠየቅም ነበረብኝ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "ልጆቹ ደኅና ናቸው?" አለኝ። ስለ ቤቱ አልተነጋገርንም፤ እሱ ገና ይቀረናል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቄቧን በደረቅ ጭድ ላይ አስተኝተን፣ ጥሬና ውኃ አጠገቧ እያደረግን፣ ፋሻዋን በየቀኑ እየቀየርን አስታመምናት። የጠቆሩት ጣቶች አልተረፉም፤ ደርቀው ወደቁ። ዛሬም ታነክሳለች። ቁስሉ ግን ሽሯል፤ እንቁላልም መጣል ጀምራለች።

ወገኖቼ፣ ጌታ እጁን ወደ ቆየው ቁስላችን ሲዘረጋ ያማል። ቢያመንም እግራችንን አንሰብስብበት።

ጌታ ሆይ፣ ከላይ የማይታየውን አንተ ታያለህ። እስክታወጣልን ድረስ አጥብቀህ ያዘን። አሜን።