በሙሻ ደሴት ባሕር የተማርነው

በደጋ አገር ለተወለደ ሰው ባሕር ማለት በመጽሐፍ የሚያውቀው ነገር ነው። እኛም በሕፃንነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የዮናስን ታሪክ ስንሰማ፣ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት በካርታው ላይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ስፍራ በዘንግ እያመለከትን ስም ስንጠራ፣ ባሕርን ያወቅነው መስሎን ነበር። ከዚያም ወዲህ ሃያ ዓመት ያህል በችሎት ጸሐፊነት ስናገለግል ከፍርድ ቤትና ከመዝገብ ቤት የራቀ መንገድ አልሄድንም። ባለፈው ጥር ወር ግን የዓመት ፈቃዳችንን ተቀብለን ከባለቤታችንና ዐሥራ አምስት ዓመት ከሞላት ልጃችን ጋራ ወደ ጅቡቲ ወረድን። በዚያ ያየነውንና የደረሰብንን ብንጽፈው፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባሕር ጠረፍ ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ጉዟችን በምድር ባቡር ነበረ። አባቶቻችን የተጓዙበት የቀድሞው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መሥመር ግን በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ከሰበታ ጣቢያ እስከ ጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ ድረስ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። ከደጋው ብርድ ተነሥተን ወደ ቆላው በወረድን መጠን በመጀመሪያ ጋቢያችንን፣ ቀጥሎም ኮታችንን፣ በመጨረሻም ከረባታችንን እያወለቅን ሄድን። ወሩንም የመረጥነው በምክር ነው፤ በክረምት ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ የደጋ ሰው ሊሄድበት የሚገባው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው።

ሙሻ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ የምትገኝ ዝቅተኛ ደሴት ናት። ተራራም ጅረትም የላትም፤ መሬቷ ራሱ ከጥንት የኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው። በ1832 ዓ.ም. የታጁራው ሡልጣን ደሴቲቱን በ10 ጆንያ ሩዝ ለእንግሊዞች እንደ ሰጧት በውሉ ተጽፏል። ኋላ ግን ወደ ፈረንሳዮች እጅ አልፋ፣ ዛሬ የጅቡቲ ሪፑብሊክ ግዛት ናት። እኛም ይህን ስንሰማ ብዙ የርስት ክርክር የጻፍን ሰው ነንና፣ ሻጩ ዋጋውን ምነው ትንሽ ከፍ ባደረገው ኖሮ ብለን ሣቅን።

መሪያችን የጅቡቲ ተወላጅ ወጣት ሲሆን፣ በድሬዳዋ የተማረ ስለ ነበረ አማርኛውን አቀላጥፎ ይናገራል። ከሞተር ጀልባው ወርደን በአሸዋው ላይ በቆምን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

‹‹ዋና የማይችል ሰው ካለ አሁኑኑ ይንገረኝ። በኋላ የማደርገው ሁሉ በዚህ መልስ የሚመሠረት ነው።››

ባለቤታችን ያለ አንዳች ሐፍረት፣ ‹‹እኔ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም›› ስትል መለሰች። ልጃችን በትምህርት ቤት ዋና ተምራለችና እንደምትችል ተናገረች። እኛ ግን በልጃችን ፊት ፈሪ መባልን ስለ ጠላን፣ ጥቂት ጥቂት እንደምንዋኝ ገለጽን። በእውነቱ ግን የእኛ ዋና በልጅነታችን ከወንዝ ዳር በጭቃ ላይ ቁመን ከመንቦራጨቅ ያለፈ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ለሁላችንም በውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ አልብሶ ወደ ካያኮቹ ወሰደን። ካያክ ማለት ጠባብና ረዥም የሆነ ቀላል ታንኳ ነው። ጥንት የፈለሰፉት በግሪንላንድና በሰሜን አሜሪካ በረዶ አገር የሚኖሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ የእንጨቱን ወይም የዐጥንቱን አጽም በአቆስጣ ቁርበት እየሸፈኑ ለአደን ይጠቀሙበት ነበር። የጣና ሰዎች ታንኳቸውን ከደንገል እንደሚያስሩት ሁሉ፣ እነዚያም አገራቸው ከሰጣቸው ነገር ሠሩት። የዛሬው ግን ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ መቅዘፊያውም በሁለት ጫፉ መዳፍ ያለው ሁኖ አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ ውሃውን ይስባል።

መሪው ልጃችንን ከራሱ ጋራ ካስቀመጠ በኋላ ወደ እኛ ዙሮ፣ ‹‹እትዬ ከፊት ይሁኑ፤ ጋሼ ከኋላ ይቀመጡ። ከኋላ ያለው ሰው የፊተኛውን ምት ተከትሎ ይቀዝፋል፤ አቅጣጫውንም እሱ ይጠብቃል›› አለን። እኛም ተከታይ መሆኑ አልተስማማንምና በገዛ ምታችን መቅዘፍ ጀመርን። መቅዘፊያችን ከባለቤታችን መቅዘፊያ ጋራ እየተጋጨ፣ ካያኩም እንደ እበራይ በሬ በአንድ ስፍራ ይዞር ጀመር። ልጃችን ከሩቅ ስትሥቅ ተሰማን። በዚህ ጊዜ ባለቤታችን ወደ ኋላ ሳትመለከት፣ ‹‹እባክዎ ባሕሩን ትተው የእኔን ትከሻ ይዩ›› አለች። ትከሻዋን እያየን በቀዘፍን ጊዜ ካያኩ ቀጥ ብሎ ሄደ። በዐሥራ ሰባት ዓመት ትዳራችን ይህን ያህል ተስማምተን የሠራነው ሥራ ጥቂት ነው።

እንዲህ ሁነን በማንግሮቭ ዛፎች መካከል በሚያልፈው ጠባብ የውሃ መንገድ ገባን። ማንግሮቭ ሌላው ዛፍ በሚደርቅበት ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው። ሥሮቹ ከግንዱ ወጥተው እንደ ጎተራ እግር ወደ ጭቃው ይተከላሉ። በሥሮቹ መካከል የዓሣ ጫጩቶች ከትልልቆቹ ዓሦች ተሸሽገው ያድጋሉ፤ ማዕበልም ሲመጣ ዛፎቹ ኃይሉን ሰብረው የባሕሩን ዳር ከመሸርሸር ይጠብቁታል። ስፍራው ጸጥ ያለ ነበረ፤ ከመቅዘፊያው ጠብታና ከወፎች ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። መንገዱ የሚከፈተው ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ስለ ሆነ፣ ውሃው መጉደል ሳይጀምር መሪው መልሶ አወጣን።

ከዚህ በኋላ ወደ ኮራሉ ሄድን። መሪው ለእያንዳንዳችን የውሃ መነጽር፣ በአፍ የሚያዝ መተንፈሻ ቱቦና የዓሣ ክንፍ የመሰለ ጫማ ሰጠን። ቀጥሎም፣ ‹‹ዋና የማይችል ሰደርያውን አያውልቅ›› አለ። ባለቤታችን እንደ ለበሰች ቀረች። ልጃችን አወለቀች። እኛም ያን ጊዜ ‹‹አልችልም›› ለማለት ሁለተኛ ዕድል ነበረን፤ ነገር ግን የፊተኛውን ቃላችንን ማፍረስ ከበደንና አወለቅን።

አሸዋው እስከ ደረታችን ድረስ አመቺ ነበረ። ከዚያ ግን በድንገት መሬቱ ከእግራችን በታች ጠፋ። አፋችንን ስንከፍት በቱቦው ውሃ ገባ፤ መነጽሩም ከፊታችን ተንሸራተተ። ለመጮኽ ብንፈልግም ድምፅ አልወጣንም። በእጃችን የደረሰውን ነገር ያዝን፤ የያዝነውም የልጃችንን አንገት ነበረ። እሷ ልትደግፈን ቀርባ ኑሯል። እኛም ለመትረፍ ስንል እሷን ወደ ታች እንጫናት ጀመር። ይህን በጻፍን ጊዜ እጃችን ይንቀጠቀጣል።

መሪው በገመድ የሚጎትተውን ቀይ ተንሳፋፊ ቀለበት ከደረታችን ሥር ገፋው። ቀለበቱን ስንይዝ ልጃችንን ለቀቅናት። ነገሩ ሁሉ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። በአሸዋው ላይ በተቀመጥን ጊዜ ልጃችን እያሳላት ነበረ፤ በአንገቷም ላይ የጥፍራችን ምልክት ይታይ ነበር። ባለቤታችን ነጠላዋን በልጅቱ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ፣ ‹‹ለአንዲት ቃል ብለው!›› ብቻ አለችን።

መሪውም እንዲህ አለ፦ ‹‹የሚሰጥም ሰው አይጮኽም፤ ትንፋሽ የለውምና። ያገኘውንም ሁሉ ይይዛል፤ አባት ይሁን ጠላት አይለይም። ስለዚህ ባዶ እጁን የሚቀርበው ሰው አብሮ ይሰጥማል፤ የሚንሳፈፍ ነገር ማቀበል ይሻላል። ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። በቃልዎ ብቻ አምኜ፣ በጥልቀት በሌለው ውሃ ሳልፈትንዎ ማስገባት አልነበረብኝም።››

ይህ ንግግር ከማናቸውም ተግሣጽ ይልቅ ልባችንን ወጋው። በችሎት ሃያ ዓመት የሰውን ቃል ስንጽፍ ኑረናል። ምስክር እውነቱን እንዲናገር ሲያስምሉት፣ ሐሰት ተናግሮ ሲገኝም ሲቀጣ አይተናል። በራሳችን ግን ማንም ሳያስገድደን ሐሰት ተናገርን። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ በእኛ ካለመናገር የልጅ ሕይወት ሊቀር ነበረ። ስለዚህ በሦስቱም ፊት ዋና ከቶ እንደማንችል፣ የዋሸነውም ከሐፍረት የተነሣ እንደ ሆነ ገለጽን። ልጃችንንም ይቅርታ ጠየቅናት።

ወዲያውም ወደ ጀልባው ለመመለስ ብንሻ መሪው አልፈቀደም። ሰደርያውን አልብሶ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት ስፍራ አንበረከከንና፣ ፊታችንን ብቻ ነክረን በቱቦው ቀስ ብለን እንድንተነፍስ አደረገን። መነጽሩ በጠጕር ላይ ካረፈ ውሃ እንደሚያስገባ፣ በቱቦው የገባውንም ውሃ በኃይል ተንፍሶ ማስወጣት እንደሚቻል አሳየን። ከዚያም ቀለበቱን አስይዞ ወደ ኮራሉ ጎተተን። በጎናችን አንዲት እጅ እጃችንን ስትይዝ ተሰማን፤ ብናይ ልጃችን ናት።

በዚያን ጊዜ ነው ባሕርን ያየነው። በውሃ መነጽር ሲያዩት ነገር ሁሉ ከእውነተኛው መጠኑ ሲሶ ያህል ገዝፎ ይታያል። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ የጥቃቅን እንስሶች ማኅበር ነው። እያንዳንዷ እንስሳ ከባሕሩ ኖራ እየወሰደች ቤቷን ትሠራለች፤ በሥጋዋም ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ዕፅዋት ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጁላታል። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ዕፅዋቱ ይወጡና ኮራሉ ነጭ ይሆናል፤ ሙቀቱም ከቆየ ይሞታል። በ1990 ዓ.ም. በዓለም ባሕሮች ሁሉ ብዙ ኮራል የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። አፉ የበቀቀን መንቁር የመሰለ ዓሣም አየን፤ ድንጋዩን ሲቆረጥም ድምፁ በጆሯችን ይሰማል። የቆረጠመው ድንጋይ በሆዱ ተፈጭቶ አሸዋ ሁኖ ይወጣል። በኮራል ዳርቻዎች ሰው ከሚረግጠው ነጭ አሸዋ ብዙው የዚህ ዓሣ ሥራ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ አርታ ጠረፍ ሄድን። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በዚያ ዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚባለው ዓሣ ይመጣል። ከዓሦች ሁሉ የሚበልጥ፣ ሲያድግ ከ12 ሜትር የሚያልፍ ነው፤ በዚያ የሚታዩት ግን አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው። ሰው አይበላም፤ ምግቡ በውሃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። በጀርባው ያለው የነጭ ነጠብጣብ አቀማመጥ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚለያይ፣ ሊቃውንት እያንዳንዱን በዚሁ ይመዘግቡታል። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በ2008 ዓ.ም. የመጥፋት አደጋ ካለባቸው እንስሶች ጋራ ጽፎታል። ስለዚህ መንካትም መንገዱን መዝጋትም ክልክል ነው።

የዚያን ቀን የመራን ሌላ ሰው ነበረ፤ እሱም እንደ ፊተኛው ዋና የማይችል ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። እኛም ከሁሉ ቀድመን እጃችንን አነሣንና ከባለቤታችን ጋራ በጀልባው ቀረን። ልጃችን ከመሪው ጋራ ወርዳ ከዚያ ታላቅ ፍጥረት ጎን ስትዋኝ ከላይ ሁነን አየናት። ቀና ብላም እጇን አወዛወዘችልን።

ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባሕር ለሚሄድ ሰው የምንመክረው እንግዲህ ይህ ነው። መሪ ሳይዝ አይግባ፤ ሰደርያውን አያውልቅ፤ ኮራሉን አይርገጥ። ከሁሉ ይልቅ ግን ስለ ዋናው ሲጠየቅ እውነቱን ይናገር፤ በባሕር ላይ ማዕርግና ዕድሜ አያንሳፍፍምና። እኛም ከተመለስን ወዲህ በየቅዳሜው ጧት በከተማችን በሚገኝ መዋኛ ከትናንሽ ልጆች ጋራ ተሰልፈን እንማራለን። እስካሁን ዐሥር ክንድ ያህል ደርሰናል፤ ልጃችንም ከዳር ቁማ ትቈጥርልናለች።