ለማን ነው ያፈጠንነው?



ባለፈው ክረምት ለእረፍት ከሚሴ እንደገባን አጎታችን ሞተር ሳይክላቸውን ለሁለታችን ሰጡን። አንድ መድረሳ ቀርተን ያደግን የወንድማማች ልጆች ነን፤ ሁለታችንም መካኒካል እንማራለን። «ኃይል አጥታለች፣ ትሞቃለች። ተማርን ካላችሁ እስኪ እዩልኝ» አሉን። በእሷ ስኳርና ዘይት ጭነው ከጨፋ ሜዳ በላይ ላሉት መንደሮች ያደርሳሉ፤ ሲመለሱ ማሾ ለገበያ ያወርዳሉ። የቤታቸው እንጀራ በእሷ ላይ ነው።

እኛ ግን የታየን አስፋልቱ ነበር። ወደ ሐርቡ የሚወስደው መንገድ ሜዳ ነው፤ መፍጠን ያምረናል። ከፊት 14፣ ከኋላ 42 ጥርስ ነበራት፤ ሬሾው 3 ማለት ነው። የፊቱን በ15 ቀየርነው፣ ሬሾው 2.8 ሆነ። ሞተሩ በእኩል ዙር ሲሠራ ፍጥነቷ በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። የመጎተት አቅሟም በዚያው ልክ እንደሚቀንስ በፈተና ላይ ጽፈነዋል፤ እዚያ ግን ረሳነው። የካርቡሬተሩን የሚኒሞ ብሎን ነካክተን፣ ሞክረናት፣ «ተስተካክላለች» ብለን አስረከብን።

በሦስተኛው ቀን አጎታችን ከመግሪብ በኋላ እየገፏት መጡ። ዳገት ላይ ከነጭነቷ ጠፍታባቸው ወደ ኋላ ተንሸራታ ጥላቸዋለች። ክንዳቸው ተልጧል፤ ስኳሩ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። አልተቆጡንም። «ልጆቼ፣ ለእኔ ነው ለራሳችሁ የሠራችኋት?» ብቻ አሉን። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

በማግስቱ መጀመሪያ ልናደርገው የሚገባንን አደረግን፤ ጠየቅናቸው። ስንት ኪሎ ይጭናሉ? የት ላይ ትደክማለች? ከማን ገዟት? ለካ ደሴ ስትሠራ የኖረች ናት። ካንዴላውን ፈተን ስናየው ነጭ ነው፤ ቤንዚን አንሷታል ማለት ነው። ደሴ ከከሚሴ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ አየሯ ስስ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም መቀነስ ስላለበት እዚያ ትንሽ ጄት ገጥመውላት ነበር። ወደ እኛ ቆላ ስትወርድ አየሩ ወፈረ፣ ቤንዚኑ ግን አልተከተለውም። የምትሞቀውም የምትደክመውም ለዚህ ነው። እኛ የነካካነው ብሎን ደግሞ የሚገዛው ሚኒሞውን ብቻ ነው፤ ጋዝ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥ ወሳኙ ዋናው ጄት ነው።

ፋብሪካው ያወጣላትን መጠን ያለው ጄት ገጠምን። ከፊት 15ቱን አውጥተን በ13 ተካን፤ ሬሾው 3.2 ሆነ። ካቴናዋን አስተካክለን አጠበቅን። ከዚያ ያንኑ ጭነት ጭነን ያንኑ ዳገት እኛው ወጣነው፤ አልጠፋችም። ከቀናት በኋላ ካንዴላው ቀለል ያለ ቡናማ ሆኖ አገኘነው፣ አልሐምዱሊላህ። ሜዳ ላይ ከበፊቱ ትዘገያለች፤ አጎታችን ግን ስለ ሜዳው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁንም። የስኳሩን ዋጋ ከኪሳችን ከፈልን።

ኡስታዛችን ሱረቱ ረሕማንን ሲያስቀሩን ሚዛን በሚለው ቃል ላይ ረጅም ጊዜ ይቆዩ ነበር። ያኔ የመሰለን የገበያ ሚዛን ብቻ ነው። ለካ በቤንዚንና በአየር መካከል፣ በፍጥነትና በጉልበት መካከልም ሚዛን አለ፤ አንዱን ስንጨምር ከሌላው እንወስዳለን። ከማን እንደምንወስድ ሳናውቅ መንካት ደግሞ አማናን ማጉደል ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ለእረፍት ስንገባ ቤተሰብና ጎረቤት የተበላሸ ነገር ይዞ ይመጣል፤ «ተምረዋል» ብሎ አምኖን ነው። መፍቻ ከማንሳታችን በፊት ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይወፍቀን፤ አሚን።