ስንት ተከታይ አለሽ?

እኛ ቤት «ተከታይ» ማለት ከእኔ ቀጥሎ የተወለደው ወንድሜ ነው። ትክል ድንጋይ ውስጥ አንዲት ጎረቤት «ተከታይሽ ደኅና ነው?» ብትለኝ የምትጠይቀኝ ስለ ልጁ ነው። ጋዜጠኝነት ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም አወጣ። ሥራ ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) የጻፍኳቸውን አትሜ ይዤ ቀረብኩ። ጠያቂው ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ፌስቡክ ላይ ስንት ተከታይ አለሽ?» አለኝ። «አንድ፤ አሥረኛ ክፍል ነው» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ጥያቄው ቅር ቢያሰኘኝም ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ማስታወቂያ የሚያስነግር ሰው የሚገዛው ጆሮ ነው፤ ስንት ጆሮ እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በምናዘጋጀው ድረ ገጽ ግንባር ላይም የፌስቡክና የቴሌግራም ተከታዮቻችን ቁጥር ይውጣ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚሁ ነው።

ኮድ የሚጽፈው ጓደኛችን የተዘጋጀ ፕለጊን መጫን አይወድም። «የሰው ኮድ ቤት ያከብዳል» ይላል። ስለዚህ በእጁ ጻፈው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ድረ ገጻችን የፌስቡክን ኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚጠያየቁበትን በር፣ ያንኳኳል፤ ቶክን የሚባለውን የይለፍ ምልክት ያሳያል፤ «ስንት ተከታይ አለን?» ይላል፤ ቁጥሩ ይመለስለታል። አንባቢ በገባ ቁጥር መጠየቅ ግን አያዋጣም። ገጹ ይንቀራፈፋል፣ ጥያቄ ሲበዛም በሩ ይዘጋል። ስለዚህ መልሱን ለስድስት ሰዓት ያስቀምጠዋል፤ ቶክኑ ጊዜው ካለፈበት ደግሞ የመጨረሻውን ቁጥር ዝም ብሎ ያሳያል። ስለዚህ አሁን የተቆጠረ የሚመስለው ቁጥር የጠዋቱ፣ አንዳንዴም ያለፈው ሳምንት ሊሆን ይችላል። እሱ ብዙም አላስጨነቀኝም። ዩቲዩብም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትልልቅ ቻናሎችን የተመዝጋቢ ቁጥር ለሕዝብ የሚያሳየው አጠጋግቶ ነው።

እኔን ያስቆመኝ ከፌስቡክ የመጣው ቁጥር ራሱ ነው፤ 4,870።

በሌላ አገር ቢሆን «130 ቀረን፣ ግፉ!» ይባል ነበር። እኛ አገር ግን 5,000 የሕግ ቁጥር ነው። የካቲት 2012 ፓርላማው ያጸደቀው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ይቀጣል ይላል። ያው ወሬ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከወጣ ግን ጣሪያው ሦስት ዓመት ወይም 100,000 ብር ይሆናል፤ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን ወይም በጋዜጣ እንደወጣ ማለት ነው። እንግዲህ አራት ሆነን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ የምንጋራ ልጆች፣ 5,001ኛው ሰው ቁልፏን በተጫነ ቀን ከቴሌቪዥን ጣቢያ ጎን እንሰለፋለን። (ጣቢያው ጠበቃ አለው። እኛ ያለን ሕግ ሁለተኛ ዓመት የደረሰ የአክስቴ ልጅ ነው።)

የሕጉ ሐሳብ ከንቱ ነው አልልም። ብዙ ሰው የሚሰማው ሰው ሲዋሽ ጉዳቱም ብዙ ነው፤ በአንድ የፌስቡክ ወሬ ሰፈር ሲታመስ ያየ ሰው ይህን አይክድም። የእኔ ጥያቄ ስለ ቆጠራው ነው። ተከታይ ማለት አንድ ቀን አንዲት ቁልፍ የነካ ሰው ነው። ማንበቡን ቁጥሩ አያውቅም።

ይህን ያየሁት በ2015 ክረምት ነው። በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልልም የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፋ። ከተከታዮቻችን የሚበዙት ጎንደር፣ አዘዞ፣ ትክል ድንጋይና ሳንጃ ያሉ ናቸው። አዲስ አበባ ተቀምጬ እናቴን የማገኛት በስልክ ጥሪ ብቻ ነበር፤ እሱም መስመር ሲገኝ። የምንጽፈውን የሚያነብ ሰው ወርዶ ወርዶ በጣት የሚቆጠር ሆነ። የተከታይ ቁጥራችን ግን ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ከውጭ አገር ጥቂት ሰዎች ተጨመሩበት። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ ቢያየን፣ በሺዎች ፊት ቆመን የምናወራ ይመስለው ነበር።

ሌላም አለ። ተከታይ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኒውዮርክ ታይምስ ዴቩሚ የሚባል ኩባንያ ሐሰተኛ የትዊተር ተከታዮችን ሲቸበችብ እንደነበር አጋልጧል። ሁላችንም የምናስበው ሰው ለራሱ ሲገዛ ነው። 5,000 የቅጣት መስመር በሆነበት አገር ግን ክፉ ጎረቤት ላንተም ሊገዛልህ ይችላል! ስጦታ ተብሎ ዕዳ።

ሁለት ማታ ተከራከርን። ኮድ የሚጽፈው የጎንደር ልጅ ነውና «አንች፣ ብንደብቀው ምን ይፈይዳል? ከሳሽ እንደሆነ ፌስቡኩን ራሱን ከፍቶ ያየዋል» አለኝ። ልክ ነው፤ ከራሳችን ገጽ ላይ ማንሳቱ ከሕግ አያስጥልም። እኔ የተቃወምኩት ግን ለሕጉ ብዬ አልነበረም። ግንባር ላይ የተለጠፈ ቁጥር ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በፊት ይነበባል። ትልቅ ከሆነ አንባቢው ሳያነብ ያምናል፤ ትንሽ ከሆነ ሳያነብ ይሄዳል። ወረቀቶቼን ገለጥ ገለጥ ያደረገው ሰውዬም ያደረገው ይህንኑ ነው።

በመጨረሻ ኮዱን አልጣልነውም፤ የሚጠይቀውን ለወጥነው። አሁን ፌስቡክንና ቴሌግራምን ትቶ የራሳችንን መዝገብ ያያል፤ በሰባት ቀን ውስጥ አንድ ጽሑፍ ከፍተው እስከ ታች የደረሱትን ቆጥሮ ከነቀኑ ያወጣል። ፍጹም ነው አልልም፤ ዝም ብሎ ወደ ታች የሚያንሸራትተውን ሰው ከሚያነበው አይለይም። የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር 312 ነበር።

ማስታወቂያ ሊሰጠን ሲያነጋግረን የነበረ አንድ ነጋዴ አይቶት «ይሄ ብቻ?» ብሎ ጻፈልን። «አዎ፣ ይሄ ብቻ» ብዬ መለስኩለት። እስካሁን መልስ አልሰጠንም። የፌስቡኩ ቁጥር ደግሞ ትናንት 4,931 ገብቷል።